ለሙዚቃም ለፊልምም የሚሆን ሰብዉፈር፦ ዝግ ሳጥን፣ ባለቀዳዳ ወይስ ሌላ?

ሰብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ ሊገዛ የወጣ ሰው ሱቅ ውስጥ በቅድሚያ የሚነገረው ስለ ኢንችና ስለ ዋት ነው። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ከእነሱ በፊት መመለስ ያለባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ሳሎኑ ምን ያህል ይሰፋል? በሩ ሲዘጋ ራሱን የቻለ ክፍል ነው ወይስ ከወጥ ቤቱና ከመተላለፊያው ጋር የተያያዘ? ከግድግዳው ወዲያና ከወለሉ በታች የሚኖረው ማን ነው? እነዚህ ሳይመለሱ የተገዛ ሰብዉፈር ዋጋው የቱንም ያህል ቢወደድ ከቤቱ ጋር ላይስማማ ይችላል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ሙዚቃና ፊልምን በእኩል ለሚወድ፣ ሳሎኑ ከ20 እስከ 25 ካሬ ሜትር ለሆነና በር ላለው ቤተሰብ፣ የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች ዝግ (አየር የማያስገባ) ሳጥን እመርጣለሁ። ፊልምን ከሙዚቃ ለሚያስበልጥ፣ ሰፊ ሳሎንና በግቢ የተነጠለ ቤት ላለው ደግሞ ባለቀዳዳው፣ ሳጥኑ ላይ የአየር ቱቦ ያለው፣ ይሻላል። ምክንያቶቼ እነሆ።

ሙዚቃ የሚጠይቀውና ፊልም የሚጠይቀው

የባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ድምፅ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) ገደማ ነው፤ ባለ አምስት ክሩ ወደ 31 ይወርዳል። የፒያኖ የመጨረሻው የግራ ቁልፍ 27.5 ኸርዝ ነው። ከድራም ትልቁ፣ በእግር የሚመታው፣ ደረት ላይ የሚሰማው ጉልበቱ በአብዛኛው ከ50 እስከ 100 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ያርፋል። ማሲንቆና ክራር ሰብዉፈር አይፈልጉም ማለት ይቻላል። በገና የወፈረ ድምፅ ቢኖረውም ያ የሚወደደው ነዘሩ ከፍ ባለው የድምፅ ክልል የተሞላ ስለሆነ የሚሸከመው ዋናው ስፒከር ነው፤ ያለልክ የተከፈተ ሰብዉፈር በገናን ከማድመቅ ይልቅ የደርዳሪውን ድምፅ ያፍነዋል። በሸክላና በካሴት ዘመን የተቀዱ ዘፈኖች ደግሞ ከ40 ኸርዝ በታች የያዙት ነገር ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ እስከ 30 ኸርዝ ድረስ ጥርት ብሎ የሚወርድ ሰብዉፈር በየቤታችን የሚሰማውን ሙዚቃ ከሞላ ጎደል ይሸፍናል።

ሙዚቃ ከጥልቀት ይልቅ አጥብቆ የሚፈልገው በጊዜ ማቆምን ነው። የቤዝ ተጫዋቹ ጣቱን ከክሩ ሲያነሳ ድምፁም አብሮ መቆም አለበት። ቀጥሎ የሚመጣው ምት ካለፈው ምት ጅራት ጋር ከተደባለቀ የዘፈኑ አካሄድ ይጎተታል፤ እስክስታ የሚያስወርደው ምት ዳር ዳሩ ይደበዝዛል።

የፊልም ነገር ይለያል። 5.1 በሚባለው የድምፅ አሠራር ውስጥ ያቺ ነጥብ አንድ ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተመደበች ራሷን የቻለች መስመር ናት። እስከ 120 ኸርዝ ያለውን ትይዛለች፤ ከሌሎቹ መስመሮችም በ10 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ከፍ ብላ እንድትሰማ ተደርጋ ትቀረጻለች። ፍንዳታ፣ ነጎድጓድና የአውሮፕላን ሞተር በዚህ መስመር አማካይነት እስከ 20 ኸርዝና ከዚያም በታች ይወርዳሉ። እዚህ ላይ አንድ ጨካኝ የፊዚክስ ሕግ አለ፦ ኸርዙ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ያንኑ የድምፅ ከፍታ ለመጠበቅ አራት እጥፍ አየር መግፋት ያስፈልጋል። በ40 ኸርዝ ሳይጨነቅ የሚሠራ ሰብዉፈር በ20 ኸርዝ ተመሳሳይ ከፍታ ይስጥ ከተባለ እንደ እሱ ያሉ አራት መደርደር ይጠይቃል። ለሙዚቃ ከበቂ በላይ የሆነ ዕቃ ፊልም ሲከፈት የሚንተፋተፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝግ ሳጥንና ባለቀዳዳ

ዝግ ሳጥን አየር የማያስገባ ነው፤ ውስጡ የታፈነው አየር ለስፒከሩ እንደ ሞላ ሆኖ ያገለግላል። ይህን አሠራር በ1954 በአሜሪካ ለገበያ ያበቃው ኤድጋር ቪልቸር ነበር። ባለቀዳዳው ከዚያ ይቀድማል፤ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው አልበርት ቱራስ የባለቤትነት መብቱን ያገኘው በ1932 ነው። በቀዳዳው ቱቦ ውስጥ ያለው አየር፣ የጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋ እንደሚጮኸው፣ በአንድ በተመረጠ ኸርዝ ላይ ያስተጋባል። ስፒከሩ ሊደክም በሚጀምርበት ቦታ ቱቦው ይረዳዋል፤ በተመሳሳይ ዋት ብዙ ድምፅ የሚገኘው ከዚህ ነው።

የቱቦው ዕርዳታ ግን ወጪ አለው። ከተመረጠው ኸርዝ በታች ባለቀዳዳው በ24 ዴሲቤል በየኦክታቩ (ኸርዙ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር) ያሽቆለቁላል፤ ዝጉ የሚወርደው በ12 ብቻ፣ በቀስታ ነው። ባለቀዳዳው ከዚያ በታች ስፒከሩን የሚይዝለት የአየር ሞላ ስለማይኖረው፣ መከላከያ ማጣሪያ ካልተገጠመለት ኮኑ፣ ማለትም አየር የሚገፋው የስፒከሩ ገጽ፣ ከልክ በላይ ይወዛወዛል። ድምፁም ከቆመ በኋላ ቱቦው ትንሽ ያስተጋባል።

በአማተሮች ዘንድ «ባለቀዳዳ ለሙዚቃ አይሆንም» የሚል ፍርድ በሰፊው ይሰማል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቱቦው በ20 ኸርዝ አካባቢ የተቃኘ ከሆነ የሚያዘገየውም እዚያው ነው፤ ሙዚቃ ደግሞ እዚያ ምንም የለውም ማለት ይቻላል። ችግሩ በ45 ወይም በ50 ኸርዝ የተቃኙት ትናንሽና ርካሽ ባለቀዳዳዎች ላይ ነው። ቤዝ ጊታርና ድራም በሚኖሩበት መሃል ስለሚያስተጋቡ ሁሉንም ዘፈን በአንድ ዓይነት «ድም» ይመታሉ። ዘፈኑ ተቀይሮ ቤዙ ካልተቀየረ ያንን ዕቃ ትተው ይውጡ።

ልዩነቱን በሚጨበጥ ምሳሌ ለማየት የአሜሪካው ኤስቪኤስ ኩባንያ የሚሠራቸው ሁለት ሞዴሎች ያግዛሉ። ኤስቢ-1000 ፕሮ ዝግ ነው፣ ፒቢ-1000 ፕሮ ባለቀዳዳ ነው። ሁለቱም ባለ 12 ኢንች ናቸው፤ ሁለቱም 325 ዋት የማያቋርጥ ኃይል የሚሰጥ አምፕሊፋየር አላቸው። ኩባንያው እንደሚገልጸው ዝጉ እስከ 20፣ ባለቀዳዳው እስከ 17 ኸርዝ ይወርዳል። ሦስት ኸርዝ ለጆሮ ምንም አይደለም፤ ዋናው ልዩነት ከ20 እስከ 30 ኸርዝ ባለው ክልል ባለቀዳዳው ሳይጨነቅ ከፍ ብሎ መጮህ መቻሉ ነው። መጠናቸው ግን በጣም ይራራቃል። ዝጉ በየጎኑ ከ40 ሳንቲ ሜትር በታች ስለሆነ ከሶፋ ጎን ገባ ይላል፤ ባለቀዳዳው በቁመትም በጥልቀትም ወደ ግማሽ ሜትር ስለሚጠጋ ሳሎን ውስጥ እንደ አንድ የቤት ዕቃ ቦታ ይይዛል። በትንሽ ሳሎን ቦታ ማጣት ማለት ሰብዉፈሩን ያለቦታው ማስቀመጥ ማለት ነው፤ ይህም ቀጥሎ እንደምናየው የገዛነውን ጥራት ይበላዋል።

ዝጉን የሚደግፍ ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙ ገዢ አያውቀውም። ክፍሉ ዝግ ሲሆን፣ ከተወሰነ ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ በክፍሉ ውስጥ እንደ ግፊት ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ግድግዳዎቹ ራሳቸው ወፍራሙን ድምፅ ከፍ ያደርጉታል። ረጅሙ ጎኑ 5 ሜትር በሆነ ክፍል ይህ የሚጀምረው በ34 ኸርዝ ገደማ ነው። ዝግ ሳጥን ደግሞ መውረድ የሚጀምረው በዚያው አካባቢ ስለሆነ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ ይህን ግፊት በደንብ ይይዛል። ሳሎኑ ከወጥ ቤትና ከደረጃ ጋር ከተያያዘ ግን ጥቅሙ አብዛኛው ይጠፋል፤ ያኔ ባለቀዳዳው የሚሰጠው ትርፍ ጉልበት ያስፈልጋል።

ዋትና ኢንች

የቀድሞው 100 ዋት የነበረ ሰው 200 ዋት ሲገዛ የሚያገኘው 3 ዴሲቤል ጭማሪ ብቻ ነው፤ ጆሮ ልብ ይለዋል እንጂ አይደነቅበትም። የኮን ስፋት ግን ልዩነት ያመጣል። ባለ 12 ኢንቹ ከባለ 8 ኢንቹ በሁለት እጥፍ በላይ ስፋት ስላለው በአንድ እንቅስቃሴ ያንን ያህል ብዙ አየር ይገፋል።

መርካቶ ውስጥ ከካርቶኑ ላይ ፒኤምፒኦ ተብሎ በሺዎች የሚቆጠር ዋት የተጻፈበት ዕቃ ሞልቷል። ይህ ቁጥር የጋራ መለኪያ የለውም፤ እያንዳንዱ አምራች እንደፈለገው ይጽፈዋል። ሻጩን ዕቃውን እንዲያዞርልዎት ይጠይቁና ከኋላ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ የተለጠፈውን ያንብቡ። እዚያ ላይ ከኤሌክትሪክ የሚስበው ኃይል ይጻፋል፤ ፊት ለፊቱ 12000 ተብሎ ኋላው 60 ዋት የሚል ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። አምፕሊፋየሩ ለቅጽበት ከዚያ ሊዘል ይችላል፤ በሺዎች ግን ፈጽሞ አይሆንም። መመዘኛዎ መሆን ያለበት አርኤምኤስ (RMS) ተብሎ የተጻፈው፣ የማያቋርጠውን ኃይል የሚያሳየው ቁጥር ነው። እሱም ካልተጻፈ ያንሱትና ክብደቱን ይሞክሩ፤ ከዚያ ጎኑን በጣት ያንኳኩ። ጠንካራ ሳጥን ደረቅና አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ ስስ ሳጥን ያስተጋባል፣ ቤት ሲገባም ያንኑ ያደርጋል።

ሳሎኑ ራሱ

ከምርጫው ሁሉ ይበልጥ የምከራከርለት ይህንን ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የ20 ኸርዝ ሞገድ ርዝመት 17 ሜትር ይሆናል፤ ከሳሎናችን ይበልጣል ማለት ነው። ሞገዱ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲመላለስ በአንዳንድ ቦታ ይደራረባል፣ በአንዳንድ ቦታ ይጠፋፋል። በሁለት ግድግዳዎች መካከል 4 ሜትር ካለ ይህ በ43 ኸርዝ ይከሰታል። ከቤዝ ጊታሩ ወፍራም ክር፣ ከ41 ኸርዙ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ይመልከቱ። በዚህ ክፍል ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ያንን ኖታ ከልክ በላይ ሲሰማው፣ ልክ መሃል ላይ የተቀመጠው ጨርሶ ሊያጣው ይችላል። ሁለቱ ሰዎች ስለ አንዱ ሰብዉፈር የተለያየ ፍርድ ቢሰጡ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ሰብዉፈሩን ሶፋው ላይ፣ እርስዎ በሚቀመጡበት ቦታ ያኑሩት። የቤዝ ጊታሩ ከላይ እስከ ታች የሚመላለስበት ዘፈን ይክፈቱና በግድግዳው ጥግ ጥጉን ጎንበስ ብለው እየተዘዋወሩ ያዳምጡ። ሁሉም ኖታ በተመጣጠነ ኃይል የሚሰማበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሰብዉፈሩን አምጥተው እዚያ ያስቀምጡት። ማዕዘን ላይ ማስቀመጥ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ድምፁን የሚያዛባውም እሱ ነው።

የዴኖን አምፕሊፋየሮች ኦዲሲ፣ የያማሃዎቹ ዋይፓኦ በሚባል ማስተካከያ በማይክሮፎን እየለኩ ድምፁን ያስተካክላሉ። የበዛውን በመቀነስ ጎበዞች ናቸው፤ በመጠፋፋት የጎደለውን ግን መሙላት አይችሉም። 10 ዴሲቤል ልጨምር ማለት አሥር እጥፍ ዋት መጠየቅ ነው፤ ያም ተጨምሮ በዚያ ቦታ የሚጠፋው ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ቤተሰቡ በሙሉ በተለያየ ወንበር ተቀምጦ የሚያይበት ቤት ከሆነ፣ በአንድ ትልቅ ሰብዉፈር ፈንታ ሁለት አነስተኛ ዝጎችን ገዝቶ በሁለት ተቃራኒ ግድግዳዎች መሃል መሃል ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። አሁን አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ለወደፊቱ ጥንድ የሚሆን ሞዴል ቢመርጥ አይቆጭም።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይህን ያስብበት። ወፍራም ድምፅ በወለል ኮንክሪት በኩል ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ከእግሩ በታች ወፍራም ጎማ ወይም ስፖንጅ ማድረግ ንዝረቱን ይቀንሳል፣ በአየር የሚሄደውን ግን አያስቆምም። በታችኛው ፎቅ ሕፃን የሚያስተኛ ሰው ካለ ከምሽቱ በኋላ ዝቅ አድርጎ መስማት ግዴታ ነው። ደግነቱ ዝቅ አድርጎ ለመስማትም መላ አለ። በ1933 ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀንስ ጆሮአችን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው ወፍራሙን ነው። በድሮ አምፕሊፋየሮች ላይ ያለው «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ የተሠራው ይህን ለማካካስ ነው፤ በአዲሶቹም ተመሳሳይ ማስተካከያ አለ። በዝቅታ በደንብ የተመጣጠነ ትንሽ ዝግ ሰብዉፈር ያለው ሰው ምሽቱን ያለ ጭቅጭቅ ያሳልፋል።

በገበያ የሚገኙ ሌሎች አማራጮች

ከሆም ቴአትር ስብስብ ጋር የሚመጣው ሰብዉፈር ብዙውን ጊዜ የራሱ አምፕሊፋየር የለውም፤ ከስብስቡ ዋና ዕቃ ጋር ብቻ ይሠራል። ዋናው ዕቃ ሲበላሽ እሱም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይቀራል። ከሳውንድባር ጋር የሚመጣው ገመድ አልባ ሰብዉፈርም በአብዛኛው ከራሱ ባር በቀር ከሌላ ጋር አይገናኝም። ለጠባብ ክፍልና ለቴሌቪዥን ድምፅ ይበቃል፤ ለሙዚቃ ብሎ ለሚገዛ ሰው ግን አልመክርም።

የመኪና ሰብዉፈር ቤት ውስጥ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው፤ ዋጋው ይማርካል። ነገር ግን የሚሠራው የመኪናዋ ጠባብ ክፍል ወፍራሙን ድምፅ እንደሚያበዛለት ታስቦ ነው። ሳሎን ሲገባ ያ ዕርዳታ ስለማይኖር ከታች ይጎድለዋል፤ 12 ቮልት የሚሰጥ አስተማማኝ የኃይል ምንጭም ይፈልጋል። የሠርግና የመድረክ ባለ 18 ኢንቹ ደግሞ የተሠራው ከ40 ኸርዝ በላይ ያለውን ለአዳራሽ ለማዳረስ ነው፤ ግዙፍ ሆኖ ሳለ ከፊልሙ ጥልቅ ድምፅ ብዙውን አያወጣውም።

ያገለገለ ጥሩ ዕቃ ግን በደስታ እመክራለሁ፣ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ። በኮኑ ዙሪያ ያለውን ቀለበት በጣት ይዳብሱ፤ ስፖንጅ ከሆነና ከተፈረፈረ ቀለበቱ መቀየር አለበት፤ ጎማ ከሆነ ረጅም ዕድሜ አለው። ኮኑን በሁለት እጅ ጣቶች በእኩል ቀስ አድርገው ይግፉት፤ የመፋቅ ድምፅ ካለ ጠመዝማዛው ሽቦ ተጎድቷል ማለት ነው፣ አይግዙት።

ከስፒከሮችዎ ጋር ማስማማት

ሰብዉፈሩ የት ላይ እንደሚረከብ የሚወስነው ክሮስኦቨር የሚባለው መከፋፈያ ነው። የተለመደው መነሻ 80 ኸርዝ ነው። ከ100 ወይም ከ120 በላይ ከሄደ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ መለየት ይጀምራል። ባለ 3 ኢንች ትናንሽ ስፒከሮች ያሉት ሰው ከዚያ በታች መውረድ ስለማይችል ሰብዉፈሩን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ይኖርበታል። በሰብዉፈሩ ገንዘብ ላይ ከመጨመር በፊት ዋናዎቹን ስፒከሮች በባለ 5 ወይም ባለ 6 ኢንች መቀየር ለእንዲህ ያለ ቤት ይበልጥ ይጠቅማል።

ለሙዚቃ የቆየ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ያለው ሰው፣ የሰብዉፈር መውጫ ስለሌለው፣ በስፒከር ገመድ የሚገባበት ማስገቢያ ያለውን ሰብዉፈር ይምረጥ። የብሪታኒያው ሬል ኩባንያ በዚህ አሠራር ይታወቃል። የሰብዉፈሩን እንቅስቃሴ ከስፒከሮቹ ጋር የሚያገጣጥመውን «ፌዝ» (Phase) የሚል ማብሪያ 0 እና 180 ላይ እያደረጉ ከወንበርዎ ሆነው ያዳምጡ፤ የድራሙ ምት ሞላ ብሎ የሚሰማበት ትክክለኛው ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዕቃና የኤሌክትሪክ ነገር

ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የሚመጣው ሰብዉፈር ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ግን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከኋላው 115/230 የሚል መቀያየሪያ ወይም ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ከሌለ በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ከሰብዉፈሩ ዋት በላይ አቅም ያለው መሆን አለበት። ከዱባይ ወይም ከእስራኤል የመጣ በቮልቱም በኸርዙም ይስማማል፤ መሰኪያውን ብቻ ማስተካከል ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቱ ስለሚዘል ሲጠፋ ከሶኬት መንቀል ይልመድብዎት፤ በቂ አቅም ያለው ስታቢላይዘር ቢኖር ደግሞ ይመረጣል። ሰብዉፈሩ ሙዚቃ ሳይከፈት «ኡም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ካሰማ ብልሽት ነው ብለው ከመመለስዎ በፊት የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ይንቀሉት። ድምፁ ከቆመ ምክንያቱ በዲሹ ገመድ በኩል የሚገባ የመሬት መስመር ልዩነት ነው፤ ለገመዱ የሚሠራ መለያ ሲገጠም ይጠፋል። ይህን ለማስቀረት ብሎ የሰብዉፈሩን የመሬት መስመር መቁረጥ ግን የቤተሰብን ሕይወት አደጋ ላይ ስለሚጥል በምንም ምክንያት አይደረግም።